ሠላሳ ሁለት ነኝ የሚለው ፍላሽ

አባቴ ዲላ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የጽሕፈት መሣሪያና ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ከፊት ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከመስታወቱ ስር ካልኩሌተር፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በኋላ ደግሞ ፍላሽ። ወደ ሞያሌ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ በራችን ላይ ስለሚያልፍ መስታወቱን በቀን ሦስት ጊዜ ብወለውለውም አቧራው አይለቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር አባቴ አልተቆጣኝም። በማግስቱ የሱቁን ቁልፍ ቁርሴ አጠገብ አስቀምጦልኝ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ተማሪ አልወድም ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከየትም ከየትም የመጡ፣ ዲላን መኪና እንደሚጠብቁበት መናኸሪያ የሚያዩ ልጆች በባጃጅ ተጠቅጥቀው ሱቃችን ይመጣሉ። "ሲስተር፣ ይሄ ስንት ነው?" ይላሉ። ሲስተር የሚሉኝ ስሜን ላለመጠየቅ ነው ብዬ አምን ነበር። አንገታቸው ላይ ፍላሽ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ፍላሽ ኪስ ውስጥ የሚደበቅ ዕቃ አልነበረም፤ አንዳንዱ ከማተቡ ጋር አብሮ ያስረዋል፣ ተማሪነቱ ከመንገድ ማዶ እንዲታይለት። ግማሾቹ ውስጡ ምንም ሳይኖርበት ነው አንጠልጥለው የሚዞሩት እያልኩ በልቤ አሾፍባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ፤ አንዱ እኔ አንገት ላይ ቢሆን ደስ ባለኝ።

መስታወቱ ስር ሁለት ዓይነት ፍላሽ ነበረን። አንደኛው አራት ጊጋ የሚይዝ፣ ጥቁር፣ የብረት ልባስ ያለው፣ ትንሽ ግን ከበድ የሚል። ሌላው ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከነማንጠልጠያ ገመዱ፣ ጀርባው ላይ በትልቁ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት። ዋጋቸው ይቀራረባል። ስምንት እጥፍ የሚይዘው ዕቃ እንዴት ከትንሹ ጋር እኩል ይሸጣል ብሎ ለመጠየቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እኔም ጠይቄ ነበር። ካርቶኑን ከመርካቶ ያመጣው አባቴ ራሱ ነው። "ቴክኖሎጂ ነው፤ በየቀኑ ይረክሳል" አለኝ። እሱም መርካቶ ላይ የጠየቀው ይህንኑ ነው መሰለኝ፣ የተመለሰለትም ይኸው መልስ ነው።

ሰማያዊውን መሸጥ ከጀመርን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ተማሪ ፍላሿን ይዛ ተመለሰች። ያስቀመጠችው ጽሑፍ ስሙ ይታያል፣ ሲነኩት ግን አይከፈትም። አባቴ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ሳታወጪው ነቅለሽው ነው የኔ ልጅ" አላት። ፍላሽ ከኮምፒውተር ከመነቀሉ በፊት ስክሪኑ ላይ አውጣ የሚለውን መጫን ያስፈልጋል፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። "ልክ ኖት፣ አንዳንዴ እረሳለሁ" ብላ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ዕቃው የተበላሸባት እሷ፣ ይቅርታ የጠየቀችውም እሷ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ለሚመጣው ሁሉ እንደዚያ በይ" አለኝ። አባቴ ሌባ አልነበረም። እሱንም ሸውደውታል፤ ካርቶኑ ግን ገና አልተጋመሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍላሽ በሸጥን ቁጥር አስቀድመን ማስጠንቀቅ ጀመርን፤ ሳታወጣው አትንቀል። እኔ በበኩሌ ከጥቁሩ አንድ አንስቼ የራሴ ብዬ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩ። ሰማያዊውን ለራሴ አልወሰድኩም።

አባትና ልጅ ሆነው የመጡት የቡናው ወቅት ሲጀምር፣ በገበያ ቀን ነው። ልጁ ረጅምና ቀጭን፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። አባትየው ከወርቃ በኩል የመጡ ጌዴኦ ናቸው፤ ቦት ጫማቸው ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል፣ ጣቶቻቸው በእሸት ቡና ጭማቂ ጠቁረዋል። የራሳቸው ማሳ አላቸው፤ በለቀማ ጊዜ ደግሞ እሸት ቡና መፈልፈያው ላይ ተቀባይ ሆነው ይሠራሉ። አማርኛን በኋላ ነው የለመዱት፤ እኔን አንዳንዴ አንቺ፣ አንዳንዴ አንተ ይሉኛል።

"ይግቡ አባባ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ለልጄ ነው" አሉ። "ይሄ... አንገት ላይ የሚያስሩት።"

"ፍላሽ" አለ ልጁ፣ ትንሽ አፈር ብሎ። "ለመመረቂያ ጥናቴ ነው። ድምፅ እቀዳለሁ፣ የስልኬ ሚሞሪ ትንሽ ስለሆነ እየገለበጥኩ የማስቀምጥበት ነው የምፈልገው።"

ሁለቱንም አውጥቼ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ። አባትየው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ መዳፋቸው ይዘው ከፍ ዝቅ አደረጓቸው። ፍላሽ በእጁ የሚመዝን ደንበኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"ይሄ ከባድ ነው" አሉ ጥቁሩን። "ይሄ ቀላል ናት።"

"ብዙ የምትይዘው ቀላሏ ናት አባባ። ስምንት እጥፍ ትይዛለች።"

"ከባዱ ትንሽ ይይዛል፣ ቀላሉ ብዙ ይይዛል?" ወደ ልጃቸው ዞረው በጌዴኦኛ አንድ ነገር አሉት። ልጁ ፈገግ አለ።

"ምን አሉ?"

"ተንሳፋፊ ነው ይላል።"

ምን ማለት እንደሆነ ያስረዱኝ ራሳቸው ናቸው። መፈልፈያው ላይ እሸት ቡና ሲመጣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይጨመራል። "ሙሉው ይወርዳል" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ታች እያደረጉ። "ባዶው ላይ ይቀራል። ስታየው ቀይ ነው፣ ያምራል፣ ከሙሉው ይበልጥ ያምራል። ውስጡ ግን የለም። እሱን ገፍፈን እናወጣለን።"

"ይሄ እኮ ቡና አይደለም አባባ!" ብዬ ሳቅኩ። ደህና አድርጌ ነው የሳቅኩት፤ አባቴም ከኋላዬ ሳቀ።

ሰማያዊውን የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ሠላሳ ሁለት ጊጋ ይላል። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ፣ "ይኸው" አልኳቸው።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"ኮምፒውተሩ ነዋ።"

"ለኮምፒውተሩ ማን ነገረው?"

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። "ፍላሹ" አልኩ።

"እንግዲያ ስለ ራሱ የሚመሰክረው ራሱ ነው" አሉ። ሊያሳጡኝ ብለው አይደለም፤ ነገሩ ገርሟቸው ነው።

ልጁ በዚህ መሀል ጥቁሩን አንስቶ እያገላበጠው ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ "አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትወስጃለሽ?" አለኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። ዋጋ ይጠይቁኛል እንጂ ሐሳብ አይጠይቁኝም። መልሱ እዚያው መሳቢያው ውስጥ፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። "ሠላሳ ሁለቱን" አልኩት።

ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አባቴ ከኋላዬ ስለተቀመጠ ነው እላለሁ። ካርቶኑ ማለቅ ስለነበረበት ነው እላለሁ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፣ ግን ዋናው እነሱ አይደሉም። ቦት ጫማ ያደረጉ ገበሬ በኮምፒውተር ነገር ረተውኝ ነበር፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ፈተና የወደቀ ሰው ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ከዚህ የሚሻል ምክንያት ባገኝ ለራሴ እነግረው ነበር።

ከተስማማን በኋላ አባትየው፣ "ምርቃቱስ?" አሉ። ገበያ ላይ ከተሰፈረው በላይ ጣል የሚደረገውን ነው። ሱቃችን በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ምርቃት ፊልምና ዘፈን መጫን ነበር። ስለ ሳቄም ሳላፍር አልቀረሁም መሰለኝ፣ እጄን ፈታ አደረግኩ። "ቦታው ሰፊ ነው፣ እሞላለታለሁ" ብዬ አምስት ፊልም ጫንኩለት። ዘፈን ልጨምር ስል አባትየው መዝሙር ይሁን ስላሉ ፎልደር ሙሉ መዝሙር ጨመርኩበት። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ ጎንበስ ብለው እያዩ፣ "ገባ? ሁሉም ገባ?" ይሉኝ ነበር። ሁሉም ገባ አልኳቸው። "ጌታ ይባርክህ ልጄ" አሉኝ። ለልጁ ማስጠንቀቂያውን ነገርኩትና ፍላሹን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ልጁ ደንበኛ ሆነ። ግቢ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ቫይረስ አለባቸው እያለ ፍላሹን እዚያ መሰካት ይፈራ ነበር። ቅዳሜ ወደ ወርቃ ይሄዳል፣ ሰኞ ስልኩን ይዞ ሱቃችን ይመጣል፣ የቀዳውን እኔ ከስልኩ ወደ ፍላሹ እገለብጥለታለሁ። ጥናቱ ስለ ቡና ጥላ ዛፎች ነው፤ ከቡናና ከእንሰት ጋር የሚስማማው የትኛው ዛፍ ነው የሚል። የሚያነጋግረው ሰው ደግሞ አባቱን ነው። ማሳቸው ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ አብረው ይሄዳሉ፣ አባትየው እያንዳንዱ ስር ቆመው ማን እንደተከለው፣ መቼ እንደሚገረዝ፣ ቅጠሉ ለምን እንደሚሆን፣ ሥሩ የማንን ሥር እንደሚጠላ ይናገራሉ። ፋይሎቹን በየዛፉ ስም ነው የሚሰይማቸው። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ዝግባ፣ ሾላ፣ ደግሞ እኔ የማላውቃቸው በጌዴኦኛ የተጻፉ።

አንዳንዴ ከመገልበጤ በፊት ከስልኩ ላይ ከፍቶ ያሰማኝ ነበር። ጌዴኦኛ ስለማልሰማ እየተረጎመልኝ። ዋንዛውን አባታቸው የተከሉት እሳቸው በተወለዱ ሰሞን ነው። ዝግባውን ሰዎች ለጣውላ ሲለምኗቸው አሞኛል ብለው ተኝተው ጠበቋቸው። አንዱ ላይ ንግግራቸውን አቋርጠው ፍየል ሲቆጡ ይሰማል። ሌላው ላይ ያስላሉ፤ ረጅም ሳል ነው። "ዝናቡ ነው" አለኝ ልጁ። ያንን ድምፅ ወደድኩት። ሰኞን መጠበቅ ጀምሬ ነበር፤ ልጁንም ጭምር፣ አልደብቅም። ተማሪ አልወድም ማለቴን የተውኩት ያኔ ነው።

አንድ ሰኞ ገልብጬ ስጨርስ እጄ ቆመ። ስልኩ ላይ ያለውን እንድሰርዝለት እየጠበቀኝ ነበር፤ ሚሞሪው ሞልቶ ለቀጣዩ ቅዳሜ ቦታ የለውም።

"ሌላ ቦታ አላስቀመጥከውም?" አልኩት።

"ለምን? ሠላሳ ሁለት እኮ ነው" አለ። "ግማሹንም አልሞላሁትም።"

አባቴ ጀርባዬ ላይ ቆሞ የሆነ ዕቃ ይቆጥራል። ጥቁሩን ግዛና እዚያም አስቀምጥ ብዬው ቢሆን ነገሩ ያልቅ ነበር። ለምን ቢለኝ ግን ምን እለዋለሁ? የሸጥኩልህ ዕቃ አይታመንም? ስሙም መጠኑም ፍላሹ ላይ ይታያል፤ ተገልብጧል። "ልሰርዘው?" አልኩት። "ሰርዢው" አለኝ። ሰረዝኩት። በየሰኞው እንደዚሁ ሰረዝኩ።

ክረምቱ ሲቃረብ ልጁ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ፈተና ይዞት ይሆናል አልኩ። ሲመጣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን ተላጭቷል። ሳይነግረኝ አወቅኩ።

"አባቴ አረፈ" አለኝ። "ሳሉ ሳንባው ነበር። ዲላ ሆስፒታል አምጥተነው አራት ቀን ተኛ።"

አራት ቀን ሙሉ ከሱቃችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ተኝተዋል ማለት ነው። እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት። ወንበር ሰጠሁት፣ አባቴም ተነስቶ እጁን ጨበጠው። ተቀመጠና ፍላሹን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ።

"ጥናቱን እያዳመጥኩ ስጽፍ ነው የቆየሁት፤ ከስልኬ ላይ ሳይሰረዝ አስቀድሜ በወረቀት እገለብጠው ነበር። እሱ አልቋል፣ አያሳስበኝም" አለ። "እናቴ ድምፁን አምጣልኝ አለችኝ። የፊታችን ቅዳሜ ዘመድ ሁሉ ቤት ይሰበሰባል። ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ። ትናንት ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ስሞክረው እምቢ አለኝ። ላፕቶፑ ይሆናል።"

ሰካሁት። ዛፎቹ በሙሉ በተርታ ወጡ። ዋንዛ አንድ፣ ዋንዛ ሁለት፣ ብርብራ፣ ዝግባ። ስማቸው አለ፣ የተቀዱበት ቀን አለ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሆኑ ሳይቀር መገመት ይቻላል። ዋንዛን ነካሁት። ሊከፈት አይችልም አለ። ብርብራን ነካሁት። ሊከፈት አይችልም። በሌላ ማጫወቻ ሞከርኩ። ከታች ወደ ላይ ሞከርኩ። ልጁ ትከሻዬ አጠገብ ቆሞ በየዛፉ ስም ትንፋሹን ይይዛል፣ እምቢ ሲል ይለቀዋል። ሠላሳ ያህል ነበሩ። አንዱንም ሳልዘል ሁሉንም ነካሁ።

"ሳላወጣው ነቅዬው ይሆን?" አለ።

እኔ ያልኩት ነገር አልነበረም። ራሱ ነው ያመጣው፤ ከእኛ የሰማውን ነው ያመጣው። አባቴን አየሁት። አባቴ መስታወቱ ላይ ያለ አቧራ በጣቱ እየጠረገ ነበር፤ ቀና አላለም። አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ዕቃው ነው፣ አንተ አይደለህም በይው። አራት ቃል ነው።

"ሊሆን ይችላል" አልኩት።

"አዎ" አለ ልጁ። "አዎ፣ አንድ ቀን ቸግሮኝ ላይብረሪ ውስጥ ሰክቼው መብራት ሊጠፋ ብልጭ ድርግም ሲል ደንግጬ መንጭቄዋለሁ። ያኔ ነው።" ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ አደረገ። "ነግረሽኝ ነበር እኮ። ገና ስገዛው ነው የነገርሽኝ። አሁን እናቴን ምን እላታለሁ?"

የፋይሎቹን ዝርዝር ሳላስበው ወደ ላይ ጎትቼው ኖሮ ፊልሞቹ ወጡ። ልጁ እጁን አስረዝሞ አንዱን ነካው፤ ምናልባት ፍላሹ በሕይወት እንዳለ ለማየት። ፊልሙ ወዲያው ተከፈተ። ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ ድምፁ ጥርት ያለ። የውጭ ኮሜዲ ነው፤ ሰዎች ይስቃሉ። ልጁ ትንሽ አየውና ዘጋው።

"ይሄን ምን አደርገዋለሁ" ብሎ ፍላሹን መስታወቱ ላይ ተወው። በሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ፣ "ደከምሽልኝ። ጌታ ይባርክሽ" አለኝ። ከአባቱ የተለየው አንቺ ማለቱ ብቻ ነው። ሄደ። 

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍላሹን ከጎናችን ስልክ ለሚጠግነው ሰውዬ አሳየሁት። ድምፆቹን ማውጣት ይቻል እንደሆን ብዬ ነው። አንድ ፕሮግራም አስገብቶበት ለረጅም ሰዓት አየውና ሳቀ። "ይሄ እኮ አራት ነው" አለኝ። "አራት ጊጋ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ነኝ በል ብለውት ነው።" መጀመሪያ የገባው፣ አራቱ እስኪሞላ ድረስ ያለው፣ በደህና ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ስሙ ብቻ ይጻፋል፣ ራሱ ግን የትም አያርፍም። ጠፍቶ ቢሆን ይፈለግ ነበር፤ መጀመሪያውንም አልገባም።

"ሠላሳ ያህል የድምፅ ቅጂ ስንት ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"በስልክ የተቀዳ? አንድ ጊጋም አይሞላ።"

ውስጡን አየን። አምስቱ ፊልምና መዝሙሮቹ አራቱን ጊጋ ጥንቅቅ አድርገው ሞልተውታል። የእኔ ምርቃት ነው። ልጁ ያንን ሐሰተኛ ፍላሽ እንደተሸጠ፣ ባዶውን ይዞት ቢወጣ ኖሮ፣ የአባቱ ድምፅ ከዋንዛው እስከ መጨረሻው ዛፍ ገብቶ፣ ቦታም ይተርፈው ነበር። ሰውዬው የሚናገረውን መስማት አቃተኝና አመስግኜው ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ከካርቶኑ የቀሩትን ሰማያዊ ፍላሾች አንድ በአንድ በድንጋይ ቀጠቀጥኳቸው። አባቴ እያየኝ ነበር፤ አልከለከለኝም።

እውነቱን ለልጁ ልነግረው ቆርጬ ነበር። ተመርቆ ከዲላ ወጥቷል፤ ስልኩ አይሠራም። አንድ እሑድ ወደ ወርቃ የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። የምለውን መንገዱን ሙሉ ስደጋግም ሄድኩ። ፍስሐ ገነት ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም እናቱ ትዝ አሉኝ። የማላውቃቸው ሴት ደጃፍ ቆሜ፣ የባልዎን ድምፅ በፊልም ደፈንኩት ልላቸው ነው። ወረድኩ። አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁ፣ መኪናው ያለ እኔ ሄደ፣ እኔም በሚመለሰው ወደ ዲላ ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

አባቴ ጉልበቱን አሞት ቤት ዋለ፤ ሱቁ የእኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፍላሽም ሆነ ሃርድ ዲስክ እስከ ጫፉ ሞልቼ፣ የሞላሁትን መልሼ ከፍቼ ሳላይ አልሸጥም። ለአንዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌሎቹ ነጋዴዎች አበደች ይሉኛል። ምርቃትም አልሰጥም። ጥቁሩን የራሴን ፍላሽ አንድ ጊዜ ለቸገረው ሰጥቼዋለሁ፤ መሳቢያው ውስጥ አሁን ያለው ልጁ ትቶት የሄደው ሰማያዊው ነው።

ባለፈው መስከረም አንድ ጠይም፣ ወፈር ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ከአንዲት ልጅ ጋር ገባ። እስኪስቅ ድረስ አላወቅኩትም። አስተማሪ ሆኗል፤ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል።

"እህቴ፣ አለሽ እዚህ? እንዴት ደስ ይላል!" አለኝ። ልጅቷ የመጨረሻ እህቱ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፣ ሰሜን ነው። "ፍላሽ እንገዛላት ብለን ነው። ሌላ ሱቅ አልገባንም፤ አንቺ ምረጪላት።"

ከሞከርኳቸው መሀል አንድ ጥሩ አወጣሁ። ልጅቷ ተቀብላ መዳፏ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ማን አስተማራት ብዬ ወንድሟን አየሁት፤ እሱ አላስተዋለም።

"ፊልም አይጫንልኝም?" አለች።

"አይጫንም" አልኩ። "ባዶውን ነው የምሸጠው።"

ወንድሟ ገመዱን አንገቷ ላይ እያጠለቀላት፣ "አንድ ነገር ብቻ" አላት። "ሳታወጪው እንዳትነቅይ። የአባባ ድምፅ እንዴት እንደጠፋ ነግሬሻለሁ።" ከዚያ ለእኔ፣ "እሷ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ድምፁን አታስታውሰውም። እኔ ነኝ ያሳጣኋት" አለኝ። እንደ ቆየ፣ እንደ ተለመደ ነገር ነው የተናገረው። ለተማሪዎቹም እንደሚነግራቸው፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ በራሱ ጥፋት እየጀመረ እንደሚመክራቸው ነገረኝ።

ሰማያዊው ያለበት መሳቢያ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። ቁልፉ እላዩ ላይ ነው።

"እሷ ነግራኝ ነበር" አላት እህቱን፣ በአገጩ ወደ እኔ እያሳየ። "አልሰማኋትም እንጂ። ትዝ ይልሻል አይደል?"

ሁለቱም ይጠብቁኛል።

"ትዝ ይለኛል" አልኩ።